ለቫኪዩም ፕሬስ የታች ሰሌዳ ከምን ይሠራ? ከጎንደር ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «በጎንደር፣ በማራኪ አካባቢ አነስተኛ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። እስካሁን ቬኒር (ስስ የእንጨት ልባስ) የምለጥፈው በክላምፕና በከባድ ዕቃ እየጫንሁ ነበር። በቅርቡ ተዘርግቶ 1.30 በ2.60 ሜትር የሚሆን የቫኪዩም ከረጢት አስመጥቼ፣ ከአሮጌ ፍሪጅ በወጣ ኮምፕሬሰር መሥራት ጀምሬአለሁ። ከረጢቱ ውስጥ የሚነጠፈውን የታች ሰሌዳ ከምን ልሥራው? በእጄ ጥሬ ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ጭረት በኮላ ተጨምቆ የሚሠራ ሰሌዳ)፣ ሜላሚን (ጠንካራና ልሙጥ ሰው ሠራሽ ልባስ) የተለበጠ ቺፕውድና ከግንባታ የተረፈ የፎርምወርክ ኮምፔርሳቶ አለ። አንዳንዱ ደግሞ ላሜራ ወይም ወፍራም መስታወት ይሻላል ይለኛል። ውፍረቱስ ስንት ይሁን? በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ብዙ ቶን ይጫናል ሲባል ስለሰማሁ ጠረጴዛዬ ይችለዋል ወይ ብዬ ሰግቻለሁ። በመጨረሻም፣ መመሪያው ጌጁ 25 እንዲያሳይ ያዝዛል፤ የእኔ ግን ከ21 አያልፍም። ጥፋቱ የሰሌዳው ይሆን?»

ምላሽ፦

ጤና ይስጥልኝ። ከመጨረሻው ጥያቄዎ እጀምራለሁ፤ የጌጁ ነገር ካልጠራ የሰሌዳው ምርጫ በተሳሳተ ግምት ላይ ይቆማልና። ብዙ ሰው ግፊቱ ያነሰው ሲመስለው ወፍራምና ከባድ ሰሌዳ ወደ መፈለግ ያዘነብላል፤ ይህም ገንዘብንም ጉልበትንም ያስወጣል እንጂ የሚያመጣው ለውጥ የለም።

ጌጅዎ ከ21 የማያልፈው በሰሌዳው ጥፋት አይደለም፤ እንዲያውም አንዳች ብልሽት ያለ አይመስለኝም። የቫኪዩም ፕሬስ የራሱ የሆነ የመጫን ኃይል የለውም። ፓምፑ፣ ማለትም የእርስዎ ኮምፕሬሰር፣ የሚሠራው ከረጢቱ ውስጥ ያለውን አየር ማውጣት ብቻ ሲሆን፣ የሚጫነው ከውጭ ያለው፣ ሁላችንም ሳይታወቀን ተሸክመነው የምንውለው የከባቢ አየር ነው። ይህ አየር በባሕር ወለል ላይ፣ ጌጅዎ በሚለካበት የግፊት መለኪያ፣ 29.9 ኢንች ሜርኩሪ የሚያህል ግፊት አለው፤ ወደ ደጋ በወጣን ቁጥር ግን ይቀንሳል። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ እዚህ ያለው የአየር ግፊት 23 ኢንች ሜርኩሪ፣ ወይም 78 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። የቱንም ያህል ውድ ፓምፕ ቢገዙ ከከተማችን አየር በላይ ማግኘት አይቻልም፤ መመሪያው የጻፈው 25 ለቆላና ለወደብ ከተሞች የሚሆን ቁጥር ነው። የእርስዎ 21 በእኛ ከፍታ ሊገኝ ከሚችለው ከ90 በመቶ በላይ ስለሆነ፣ በባሕር ወለል ላይ ላለ ሠራተኛ ጌጁ 27 እንደሚያሳየው ያህል ነው። ከአሮጌ ፍሪጅ ለወጣ ኮምፕሬሰር ይህ የሚያስመሰግን ውጤት ነው።

21 ኢንች ወደ ክብደት ሲለወጥ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ 0.72 ኪሎ፣ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ደግሞ ከ7 ቶን ጥቂት ከፍ ያለ ጫና ይሆናል። በባሕር ወለል ላይ 27 የሚያገኘው ሰው ግን ከ9 ቶን በላይ ይጫንለታል። ስለዚህ እኛ በደጋ የምንሠራ ሰዎች ከሌላው ከ20 በመቶ በላይ ባነሰ ጫና ነው ቬኒር የምንለጥፈው። ለመለጠፍ ይበቃል፤ ነገር ግን ለስሕተት የሚተርፍ ጫና አይኖረንም። የተጣመመን ሰሌዳ አቃንቶ፣ የጎደጎደን ስፍራ አጭቆ፣ በደንብ ያልተዳረሰን ኮላ በግድ አስፋፍቶ የሚያስተካክል ኃይል ከዚህ ከረጢት መጠበቅ የለብንም። ከዚህ በታች ስለ ሰሌዳው የምለው ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው፦ የምንፈልገው ጠንካራ ሰሌዳ ሳይሆን ልሙጥና ቀጥ ያለ ሰሌዳ ነው።

አሁን ስለ ጠረጴዛዎ ስጋት። ሰባቱ ቶን በጠረጴዛው እግር ላይ አይቆምም። አየር ከላይ ወደ ታች እንደሚጫን ሁሉ ከታች ወደ ላይም፣ ከጎንም ይጫናል። ከረጢቱ የታች ሰሌዳውን፣ ሥራውን (ቬኒር የሚለጠፍበትን ዕቃ) እና በላዩ የሚደረገውን የላይ መጫኛ ሰሌዳ በአንድነት ጠቅልሎ ይጨምቃቸዋል፤ ከላይ የሚገፋው ከታች ከሚገፋው ጋር እኩል ስለሆነ እርስ በርሱ ይጣፋል። ጠረጴዛው የሚሸከመው የዕቃዎቹን የራሳቸውን ክብደት ብቻ፣ ማለትም ሃምሳ፣ ስድሳ ኪሎ ነው። የቫኪዩም ጨመቃ የእጅ ጭብጥን ይመስላል፤ በመዳፍዎ መካከል ሎሚ አድርገው ሲጨምቁ ክንድዎ ላይ የሚደርሰው የሎሚው ክብደት እንጂ የጨመቃው ኃይል እንዳልሆነ ማለት ነው።

ከዚሁ ጋር አንድ ነገር ያስተውሉ። ሰሌዳው ከሁለት ወገን እኩል ስለሚገፋ በግፊቱ ብዛት አይጎብጥም፤ ይህ ግን ልባቸው ሙሉ ለሆኑ ሰሌዳዎች ነው። ክብደት ለመቀነስ ብለው በመካከሉ ርብራብ ብቻ ያለው፣ ውስጡ ክፍት የሆነ የታች ሰሌዳ ለመሥራት ቢያስቡ፣ በውስጡ ያለው አየር በስንጥቁ ሁሉ እየሾለከ ስለሚወጣ ፊቱ በርብራቦቹ መካከል ይሰረጉዳል። እኔ ይህን የተማርሁት በሰው ንብረት ላይ ነው፦ አንድ ደንበኛ ያመጣልኝን፣ ውስጡ በወረቀት ቀፎ የተሞላ በር ቬኒር ላልብሰው ብዬ ከረጢት ውስጥ ባስገባው፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ፤ ሳወጣው ፊቱ እንደ ታጠበ ካርቶን ሆኖ ነበር። በሩን ከኪሴ ተካሁ።

ወደ ሰሌዳዎቹ ልመለስ። በእንግሊዝኛ መመሪያዎች ፕላተን የሚባለው ይህ የታች ሰሌዳ አገልግሎቱ ሦስት ነው፤ ሥራው የሚያርፍበት ቀጥ ያለ ወለል ይሆናል፣ አየሩ ከየማዕዘኑ ወደ ፓምፑ ቱቦ የሚሄድበትን መንገድ ይሰጣል፣ ፈስሶ የሚወጣውን ኮላም ሳይዝ ይለቃል። ከሦስቱ የሚበልጠው የመጀመሪያው ነው፤ ሌሎቹን በእጅ ሥራ ማሟላት ይቻላል፣ የተጣመመን ሰሌዳ ግን ማቃናት አይቻልም። ቬኒሩን የሚለጥፉት 18 ሚሊሜትር በሆነ ሰሌዳ ላይ ከሆነ የታች ሰሌዳው ጥቂት ቢጎብጥ ሥራዎ ይቋቋመዋል፤ ሁለት ስስ ሰሌዳዎችን አጣብቀው አንድ ወፍራም ሲሠሩ ግን ኮላው የሚደርቀው በታች ሰሌዳው ቅርጽ ነውና፣ ያ ጉብጠት እስከ መጨረሻው አብሮ ይኖራል።

በጥሬ ኤምዲኤፍ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሣው እሱን ነው፣ ጠባዩም ከውጭ ሲያዩት አይታወቅም። ልሙጥነቱ የሚያጠያይቅ አይደለም፤ ከፋብሪካ ሲወጣ ከማናቸውም ኮምፔርሳቶ የበለጠ ቀጥና እኩል ውፍረት ያለው ነው። ችግሩ አየርና ውኃ የሚያሳልፍ መሆኑ ነው። በኮምፒውተር በሚታዘዙ ራውተሮች ላይ ሥራውን በቫኪዩም ለመያዝ ጥሬ ኤምዲኤፍ ከሥር የሚነጠፈው አየር በውስጡ ስለሚያልፍ ነው። የተለመደው ኤምዲኤፍ በአንድ ሜትር ኩብ 700 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ባዶ ቀዳዳ የሌለው የእንጨት ሕዋስ ግድግዳ ራሱ ግን 1,500 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን፣ ከሰሌዳው ይዘት ግማሽ ያህሉ አየር ነው ማለት ነው። ለከረጢትዎ የሚሆነው 1.10 በ2.30 ሜትር የሆነ 18 ሚሊሜትር ሰሌዳ በውስጡ ከ20 ሊትር በላይ አየር ይዟል። የፍሪጅ ኮምፕሬሰር ጥልቅ ቫኪዩም ላይ መድረስ ቢችልም በየደቂቃው የሚያወጣው አየር ጥቂት ነው፤ ያንን 20 ሊትር በጭላጭ እየመጠጠ እስኪጨርስ የቀባችሁት ኮላ መጥበቅ ይጀምራል። ይህም ሌላ የሚያሳስት ነገር ያመጣል፦ ፓምፑን ሲያጠፉት ጌጁ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ባለቤቱም ከረጢቱ ተቀዷል ብሎ ቀኑን ሙሉ የሳሙና አረፋ እየቀባ ቀዳዳ ሲፈልግ ይውላል፤ አየሩ ግን ከሰሌዳው ሆድ የሚወጣ ነው። ለመለየት ቀላል ነው። መጀመሪያ ከረጢቱን የወባ መከላከያ የመስኮት ወንፊት ብቻ አስገብተው ባዶውን ይሞክሩት፤ ጌጁ ከቆመ ከረጢቱ ደኅና ነው። ከዚያ ሰሌዳውን አስገብተው ይድገሙት።

ሁለተኛው የጥሬ ኤምዲኤፍ ጉዳት ውኃው ነው። ነጭ ኮላም ሆነ በዱቄት መልክ መጥቶ በውኃ የሚበጠበጠው የዩሪያ ኮላ እርጥበቱን ወደ ሰሌዳው ያሳልፋል። በአንድ ወገን ብቻ በተደጋጋሚ የራሰ ኤምዲኤፍ ያብጣል፤ ያበጠውም ሲደርቅ ወደ ቀድሞው ውፍረት አይመለስም፤ ጠርዙ ከሁሉ አስቀድሞ ይነፋል። እኔ የመጀመሪያዬን ሰሌዳ ከጥሬ ኤምዲኤፍ ሠርቼ ከአንድ ክረምት በላይ አልቆየልኝም፤ ጠርዙ እንደ ተነፋ እንጀራ አብጦ ሥራውን ከዳር ከዳር ያነሣብኝ ነበር። ኮላውም ይይዘዋል፤ የያዘውን ሲፈነቅሉ የሰሌዳው ቆዳ አብሮ ይነሣል። በቫርኒሽ ሦስት፣ አራት ጊዜ ጠጥቶ ከጠገበና በወለል ሰም ከታሸ ያገለግላል፤ ሆኖም ለቫርኒሹና ለቀኑ የሚያወጡትን ቢያሰሉ ሜላሚን የተለበጠውን ከመግዛት ብዙም የረከሰ አይደለም።

የእኔ ምርጫ በሁለቱም ፊቱ ሜላሚን የተለበጠ 18 ሚሊሜትር ኤምዲኤፍ ነው። ልሙጥነቱን ከኤምዲኤፉ፣ እርጥበትና ኮላ መቋቋሙን ከሜላሚኑ ያገኛል። የደረቀ ነጭ ኮላ በስፓቱላ ሲነኩት እየተላጠ ይነሣል። «በሁለቱም ፊቱ» ያልሁትን አደራ ያስቡበት፤ በአንድ ወገን ብቻ የተለበጠ ሰሌዳ በክረምት አንደኛው ፊቱ እርጥበት እየጠጣ ሌላው ስለማይጠጣ፣ ሐምሌ ላይ እንደ ሰፌድ ይጎብጣል። ፎርማይካ ለጥፈው ራስዎ ቢያዘጋጁም ይኸው ሕግ ይሠራል፤ ከላይ ፎርማይካ ካደረጉ ከታችም ማድረግ ግዴታ ነው።

በእጅዎ ያለው ሜላሚን የለበሰ ቺፕውድ ሁለተኛው ምርጫዬ ነው፤ ቀጥ ያለ ከሆነ አዲስ ኤምዲኤፍ ፍለጋ አይድከሙ። ድክመቱ ቦይ ሲቆረጥበት ልቡ መፈርፈሩ ነው። ፍርፋሪው ወደ ቱቦው ይሳባል፤ ከዚያም ኮምፕሬሰሩን ይጎዳል። ስለዚህ ቦዮቹን ከቆረጡ በኋላ በቀጭን ብሩሽ በቫርኒሽ ወይም በቀጠነ ኮላ አርሰው ማድረቅ፣ በቱቦውና በኮምፕሬሰሩ መካከልም ማጣሪያ ማኖር ያስፈልግዎታል።

የፎርምወርኩን ኮምፔርሳቶ አልመክርም። ፊቱ የተለበጠበት ጥቁር ወይም ቡናማ ፊልም ኮላን ባለመያዝና ውኃን በመቋቋም ከሜላሚን አያንስም፤ አዲስና ቀጥ ያለ ቢያገኙ ለዓመታት የሚያገለግል ነው። ነገር ግን ይህ ሰሌዳ የሚሠራው አርማታ ለመሸከም ነው፤ የግንባታ ሰው ጥቂት ሚሊሜትር ቢጣመምበት ግድ አይሰጠውም፤ እኛን ግን ይጎዳናል። የእርስዎ ደግሞ ከግንባታ የተረፈ ነው። የሚስማር ቀዳዳ፣ የደረቀ ሲሚንቶ ቅንጣትና የተላጠ ፊልም አይጠፋውም፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከሰባት ቶን በታች ስትገኝ ወይ ከረጢቱን ትበሳለች ወይ 0.6 ሚሊሜትር በሆነው የዋንዛ ቬኒርዎ ላይ ጉድጓድ ትተዋለች። ሚስማሩን ነቅለው፣ ፊቱን አጽድተው ከከረጢቱ ውጭ፣ ከሥር ለሚቆመው ጠረጴዛ ቢያውሉት ግን ደኅና ዕቃ ነው።

ላሜራውን ይተዉት። ጥቁር ብረት እርጥበት ሲነካው ይዝጋል፤ ዝገቱም በእንጨቱ ውስጥ ካለው ታኒን ከተባለ ንጥረ ነገር ጋር ሲገናኝ በብርጭቆ ወረቀት የማይወጣ ሰማያዊ ጥቁር እድፍ ይሆናል። አሉሚኒየም ይህ ጠባይ ባይኖረውም ዋጋው ብዙ ነው። ሁለቱም ደግሞ ሙቀትን ከእንጨት በብዙ እጥፍ ፈጥነው ያሳልፋሉ፤ ከቀዝቃዛ ወለል ላይ ካረፉ የኮላውን ሙቀት ይስቡታል። መስታወት በልሙጥነት የሚተካከለው የለም፤ ኮላውም በምላጭ ይላጣል። ነገር ግን ቦይ አይቆረጥበትም፣ ጠርዙ የከረጢት ጠላት ነው፣ ከሥሩ አንዲት ጠጠር ካለች ይሰነጠቃል። ሥራ ቤት ውስጥ ያለ ሰሌዳ ደግሞ አንድ ቀን ከእጅ መውደቁ አይቀርም።

ስለ ውፍረት ካነሣን፣ 18 ሚሊሜትር በቂ ነው። ግፊቱ እንደማያጎብጠው ከላይ አይተናል፤ ውፍረቱ የሚያስፈልገው ሰሌዳው በራሱ ክብደት እንዳይረግብና ቦይ ሲቆረጥበት እንዳይዳከም ብቻ ነው። ከላይ በጠቀስሁት ልክ የተቆረጠ 18 ሚሊሜትር ኤምዲኤፍ ከ30 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ 25 ቢያደርጉት አንድ ሰው ብቻውን ለማንሣት የሚቸገርበት ሸክም ይሆናል። 12 ሚሊሜትር ደግሞ ከሥሩ ያለው ጠረጴዛ ፍጹም ቀጥ ያለ ካልሆነ የጠረጴዛውን ቅርጽ ይወስዳል። ስፋቱን ሲወስኑ የከረጢቱን ስፋት ብቻ አይዩ፤ ተዘርግቶ 1.30 የሆነ ከረጢት ውስጥ የሚገባው ነገር ስፋቱና ቁመቱ ተደምሮ 1.30 መሙላት የለበትም። ሰሌዳው፣ ሥራውና መጫኛው ተደራርበው 4 ሴንቲሜትር ስለሚሆኑ፣ የከረጢቱ ላስቲክ በማዕዘን ላይ እንዳይወጠር 1.10፣ ቢበዛ 1.15 ሜትር ስፋት ይበቃል። ርዝመቱም የሚታጠፍበትን አፍ ታሳቢ አድርጎ 2.30 ይሁን።

ሰሌዳውን ከመግዛትዎ በፊት ሱቁ ውስጥ አስተኝተው ቀጥ ባለ የአሉሚኒየም ዘንግ በርዝመቱም በስፋቱም ይፈትሹት፤ በአንድ ሜትር ውስጥ ከዘንጉ በታች የሚታየው ክፍተት ከግማሽ ሚሊሜትር ካለፈ ሌላ ያስወጡ። ጠማማነቱን ለማወቅ ደግሞ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሁለት ሲባጎ በመስቀል ይወጥሩ፤ ሁለቱ ሲባጎዎች መካከል ላይ መነካካት ብቻ አለባቸው። አንደኛው ሌላውን ከተጫነው ወይም ከራቀው፣ ቦታ አለዋውጠው ይድገሙትና ያረጋግጡ። ነጋዴው ጥቂት ቢያጉረመርምም መለካቱ የእርስዎ መብት ነው።

ቦዮቹን ከባድ አድርገው አይዩአቸው፤ በእጅ የሚያዘው ክብ መጋዝ ጥርሱ የሚቆርጠው ወደ 3 ሚሊሜትር ስፋት ስላለው፣ ጥልቀቱን 3 ሚሊሜትር ላይ አስረው በ12 ወይም በ15 ሴንቲሜትር ርቀት ወዲያና ወዲህ መስመር ቢያወጡ ይበቃል። አንደኛው ቦይ ከቱቦው አፍ ሥር ማለፍ አለበት። ቦይ ከሌለ ላስቲኩ በሥራው ዙሪያ ቶሎ ይለጠፍና መካከል ላይ ያለው አየር መውጫ አጥቶ እዚያው ይቀራል፤ ጌጁ 21 እያሳየ መካከሉ ሳይጨመቅ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። የቦዩ ሌላ ወገን ግን አለው፦ በቦዩ አናት ላይ ሥራውን የሚነካ ምንም ነገር ስለሌለ እዚያ ጫና የለም። ቬኒሩ ወደ ታች ዞሮ በቦይ ላይ በቀጥታ ካረፈ፣ በየቦዩ መስመር ኮላው ሳይጨመቅ ይደርቅና ቬኒሩ በኋላ ቀለም ሲቀባ መስመር መስመር እየሠራ ይታያል። ሁለቱን ፊት በአንድ ጊዜ የሚለጥፉ ከሆነ፣ ማድረግዎም ሰሌዳው እንዳይጎብጥ ይበጃል፣ በታች ሰሌዳውና በቬኒሩ መካከል ልሙጥ የሆነ ቦይ የሌለው ስስ ሰሌዳ ያስገቡ።

ቦይ ሲቆረጥ ሜላሚኑ ስለተቀደደ ጥሬው ኤምዲኤፍ ተጋልጧል። ቦዮቹንና አራቱን ጠርዞች ሁለት ጊዜ ቫርኒሽ ያጠጡ። ጠርዙንና ማዕዘኑን በራውተር ወይም በሞረድ 6 ሚሊሜትር ያህል አክብበው በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱት፤ ከረጢት የሚቀደደው ከሁሉ በላይ በማዕዘን ነው። ከዚያ ለቤት ወለል የሚያገለግለውን ሰም በስሱ ቀብተው፣ ሲደርቅ በጨርቅ እሹት። ሲሊኮን ያለበትን የመኪና ወይም የዕቃ ማወልወያ ግን ወደ ሥራ ቤትዎ አያስገቡ፤ ጥቂቱ ወደ እንጨቱ ከተሻገረ ቫርኒሹ ሲቀባ እየሸሸ ክብ ክብ ዓይን ይሠራል።

ስለ ላይ መጫኛው አልጠየቁኝም፤ ነገር ግን ከታች ሰሌዳው ባልተናነሰ ውጤቱን የሚወስነው እሱ ነው። 6 ሚሊሜትር ኤምዲኤፍ ይበቃዋል፤ ኮላ እንዳይዘውም በእሱና በቬኒሩ መካከል ያልተጨማደደ ስስ ላስቲክ ያንጥፉ። ከሥራው በ2 ወይም በ3 ሚሊሜትር ብቻ ይብለጥ። «ዳሩን በደንብ ይይዝልኛል» በማለት 5 ሴንቲሜትር ቢያስተርፉት፣ ከሥሩ ምንም በሌለው በዚያ ትርፍ ላይ ከረጢቱ በእያንዳንዱ ሜትር ጠርዝ 360 ኪሎ ያህል ይጫናል፤ መጫኛው ከዳር ወደ ታች ይታጠፋል፣ ከዳሩ ገባ ብሎም ይነሣል፤ በዚያ መስመር ቬኒሩ ሳይያዝ ይቀራል። በመጫኛው ላይ የመስኮት ወንፊት ቢዘረጉ አየሩ ከላይም መንገድ ያገኛል፤ ያለ መጫኛ በቀጥታ በቬኒሩ ላይ ካደረጉት ግን የወንፊቱ ዓይን በእንጨቱ ላይ ታትሞ ይቀራል።

የከተማችንን አየር በተመለከተ ሁለት ነገር ልጨምር። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት በሲሚንቶ ወለል ላይ ያደረ ሰሌዳ ጠዋት በጣም ቀዝቃዛ ነው፤ ነጭ ኮላ ከ10 ዲግሪ ወደ ታች ሲወርድ እንደ ኖራ ነጭ ዱቄት ሆኖ ይደርቃል እንጂ አይዝም፤ የዩሪያው ኮላ ደግሞ 20 ዲግሪ ያህል ሙቀት ይፈልጋል። ሰሌዳው ከወለል ከፍ ብሎ፣ ቤት ውስጥ ይደር፤ ሥራም ረፋድ ላይ ይጀመር። በአንጻሩ አንዳንዶች ቶሎ እንዲደርቅ ብለው ከረጢቱን ከነሥራው ፀሐይ ላይ ያወጡታል። ጌጁ በጎንደር 21 ሲያሳይ በከረጢቱ ውስጥ የቀረው ግፊት 7 ኪሎ ፓስካል ብቻ ነው፤ በዚህ ግፊት ውኃ በ39 ዲግሪ ይፈላል። ጥቁር ፊልም የለበሰ ሰሌዳ በቀትር ፀሐይ ከዚያ ሙቀት ማለፉ አያጠራጥርም፤ ኮላውም አረፋ ይሆናል። የፕላስቲክ ከረጢቱም ለስልሶ ይረግባል። ጥላ ውስጥ ይተዉት፣ ጊዜውንም ይስጡት።

መብራት ሲጠፋ የሚሆነውም ከሰሌዳው ምርጫ ጋር የተያያዘ ነው። ከኮምፕሬሰሩ ቀጥሎ አየር ወደ ኋላ የማያስመልስ ቫልቭ ካለ፣ የታች ሰሌዳውም ጠርዙ የታሸገ ሜላሚን ከሆነ፣ ጌጁ ኮላው እስኪይዝ ድረስ ብዙም ሳይወርድ ሊቆይ ይችላል። ጥሬ ኤምዲኤፍ ከሆነ ግን ከሰሌዳው የሚወጣው አየር ራሱ ቫኪዩሙን ይበላዋል።

አሁን ባለዎት ዕቃ እንዲህ ቢያደርጉ እመክራለሁ። ሜላሚን የለበሰውን ቺፕውድ በሲባጎና በዘንግ ይፈትሹት፤ ቀጥ ካለ የታች ሰሌዳው እሱ ይሁን። ጥሬው ኤምዲኤፍ ስስ ከሆነ ለላይ መጫኛ ይቁረጡት፤ 18 ከሆነ ቬኒር የሚለብስ የበር ፊት ያድርጉት። ከዚያም ኮላ ሳይቀቡ ሁሉንም ደራርበው አንድ ጊዜ በደረቁ ይሞክሩት፤ በሥራውና በታች ሰሌዳው መካከል፣ በአራቱ ማዕዘንና በመሐል፣ አምስት ቁራጭ የካርቦን ወረቀት ከነጭ ወረቀት ጋር አስገብተው አየሩን ያውጡ። ጌጁ 21 ደርሶ አሥር ደቂቃ ከቆየ በኋላ ሲከፍቱት አምስቱም ወረቀቶች ላይ እኩል የጠቆረ ምልክት ካገኙ ሰሌዳው ለሥራ ዝግጁ ነው። የመሐሉ ከደበዘዘ ወይ ሰሌዳው መሐሉ ጎድጓዳ ነው ወይ አየሩ መውጫ አጥቷል። ስለዚህ መጀመሪያ ከቱቦው ወደ መሐል የሚደርስ አንድ ቦይ ጨምረው ይድገሙት፤ ያኔም ካልጠቆረ ሰሌዳውን ይለውጡ።